ሥልጠናው ወደ ሥራ ቦታችን ቢመጣስ?

ጥያቄ፦ በጅማ ዙሪያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና በአዳራሽ ተቀምጠን እንወስዳለን፤ ወደ ሥራ ስንመለስ ግን እምብዛም የሚለወጥ ነገር የለም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ንግግር ብቻ የሚሰማበት ሥልጠና የባለሙያን አሠራር የሚለውጠው በጥቂቱ ነው፤ በተለይ ሳይተነፍስ የተወለደን ሕፃን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር ወደ ሳንባ በሚያስገባ ከረጢት) እንዲተነፍስ መርዳትን የመሰለ የእጅ ሙያ፣ ካልተለማመዱት በወራት ውስጥ ይዳከማል። ስለዚህ ከማዋለጃ ክፍሉ አጠገብ የልምምድ አሻንጉሊት አስቀምጦ፣ ጤና መኮንኑ፣ አዋላጇና ነርሷ በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃዎች አብረው ቢለማመዱ፣ በእኔ እምነት፣ ከብዙ ቀናት የአዳራሽ ትምህርት ይበልጣል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች የመላክ የቆየ ልማድ ስላለው፣ አብረዋቸው የሚመጡት መምህራን ልምምዱን እንዲከታተሉላችሁ በኃላፊያችሁ በኩል ብትጠይቁ መልካም ነው።