ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ በአየር ታንክ መጥለቅ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሳሚ (ሳን ሆሴ፣ ካሊፎርኒያ)፦ ጋሼ፣ ትንበያው ሞገዱ 1 ሜትር ብቻ ነው ይላል። ቅዳሜ ካርመል አጠገብ ያለው ሞናስትሪ ቢች እንግባ?

መልስ፦ ሰከንዱስ? በሁለት ሞገድ መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለ ሳታይ ከፍታውን ብቻ አትጥራልኝ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በ8 ሰከንድ የሚመጣ ሞገድ ጥልቅ ባሕር ላይ ርዝመቱ 100 ሜትር ያህል ነው። የ16 ሰከንዱ 400 ሜትር ይደርሳል። ሁለቱም 1 ሜትር ከፍታ ቢኖራቸው፣ ሁለተኛው እጥፍ ኃይል ይዞ ይመጣል። ዳር ሲደርስም ይበልጥ ከፍ ብሎ ይሰበራል። ሞናስትሪ ላይ ደግሞ የካርመል የባሕር ውስጥ ገደል እዳሩ ድረስ ይጠጋል። ሞገዱ ቀስ በቀስ የሚደክምበት ጥልቀት የሌለው ሜዳ የለም። ዳሩ ቁልቁለት ነው፤ አሸዋው ሻካራና ልል ስለሆነ እግር አያስቆምም። መጀመሪያ 20 ደቂቃ ቁጭ ብለህ እይ። ትልልቆቹ ተከታትለው ነው የሚመጡት፤ በመሃል ያለው ጸጥታ አያታልልህ። መውጫህን ሳታይ አትግባ።

ሄለን፦ የትኛው ማስክ ይሻላል?

መልስ፦ ፊትሽ ላይ ልክ የሆነው። ቀጥሎ።

ዮናስ፦ ስወጣ ሞገድ ቢጥለኝስ?

መልስ፦ ለመቆም አትታገል። ማስኩን አታውልቅ፣ ሬጉሌተሩም (ከታንኩ የምትተነፍስበት) ከአፍህ አይውጣ። በእጅና በጉልበት እየዳህክ ውጣ። ውሃው ወደኋላ ሲስብህ ጣቶችህን አሸዋው ውስጥ ቀብረህ ጠብቅ። ለባሕሩ ጀርባ አትስጥ። ጋብ እስኪል ሞገዱ ከሚሰበርበት ራቅ ብለህ ባሕሩ ላይ መቆየት ሊኖርብህ ስለሚችል ታንክህ ውስጥ አየር አስቀር።

አቤል (ኤላት፣ የእስራኤል ቀይ ባሕር ዳርቻ)፦ እኛ ጋ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ባሕሩ ሁሌ ጸጥ ያለ ነው።

ሩት፦ የደቡብ ነፋስ ሲነሳስ? ሪፉ (የኮራል ድንጋዩ) ላይ ነው የሚያላትመው!

አቤል፦ እሱ በዓመት ስንቴ ነው?

መልስ፦ ሩት ልክ ነች። ኤላት በአብዛኛው የሚነፍሰው ከሰሜን፣ ከየብስ ወደ ባሕር ነው፤ ዳሩ ጸጥ የሚለው ለዚህ ነው። ያው ነፋስ ግን ላይ ላይ የሚዋኘውን ከዳሩ ወደ ባሕሩ መሃል ይገፋል። በቃ፣ ወደ ፓስፊክ እንመለስ።

ቤቲ፦ ቅዳሜ ባሕሩ ደህና ነው?

መልስ፦ የት? ከየት አቅጣጫ የሚመጣ ሞገድ? ስንት ሰከንድ? ከላይ ጽፌዋለሁ፣ እባካችሁ አንብቡ። ጀማሪ ከሆንሽ ሞንተሬይ ብሬክዋተር (ሞገድ መከላከያ ግንብ ያለበት ዳርቻ) ይሻልሻል። እዚያም ደርሰሽ ካላማረሽ ዕቃሽን ሳታወርጂ ተመለሽ።

ሳሚ፦ ጋሼ፣ አሁን አየሁት። 15 ሰከንድ ይላል።

መልስ፦ እንግዲያው ቅዳሜ ሞናስትሪ አትግቡ።