ጣሪያው ጠበበን ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፤

በአዳማ በባንክ የብድር ክፍል 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ጠዋት ፖስታ ቤት አካባቢ ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ ወንበር ስቦ የሚጠጋኝ ወጣት አይጠፋም። ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄው ይከተላል፤ «ጋሼ፣ የብድር ጣሪያዬን እንዴት ላስጨምር?» አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቴሌብር የፈቀደለትን መጠን ያሳየኛል፤ ሌላው ለሱቁ የተፈቀደለት ኦቨርድራፍት እንዳነሰው ያጫውተኛል። ለእያንዳንዳችሁ ስመልስ ቡናው እየቀዘቀዘብኝ ተቸገርኩ። ስለዚህ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ጻፍኩ።

አስቀድሜ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ። ኦቨርድራፍት ማለት በተንቀሳቃሽ ሒሳባችሁ ካላችሁ ገንዘብ አልፋችሁ እስከ ተወሰነ መጠን እንድታወጡ ባንኩ የሚፈቅድላችሁ ብድር ነው። ወለዱ የሚታሰበው በተጠቀማችሁበት ገንዘብና ቀን ልክ ነው። ዕቃ ስትገዙ ዕዳው ከፍ ይላል፤ ሽያጭ ሲገባ ይወርዳል። «ይጨመርልኝ» የሚል ማመልከቻ ሲደርሰኝ ደብዳቤውን ወደ ጎን አድርጌ የምዘረጋው የ12 ወሩን የሒሳብ መግለጫ ነበር። በማስመሪያና በእርሳስ የየወሩን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዕዳ አሰምርበታለሁ። 300,000 ብር የተፈቀደለት ሰው በጥቅምት 280,000፣ በኅዳር 40,000፣ በጥር 270,000 ዕዳ ታይቶበት፣ በየካቲት ዕዳው አልቆ የራሱ ገንዘብ ብቅ ካለ፣ ብድሩ እየሠራለት ነው። ዓመቱን ሙሉ 290,000 እና 300,000 መካከል ተቸንክሮ የቀረ ከሆነ ግን ወለዱን በሰዓቱ ቢከፍል እንኳ እርሳሴ እዚያ ገጽ ላይ ይቆማል። ጭማሪውን አጥብቆ የሚጠይቀው ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይኸኛው ነው።

የብሔራዊ ባንክ መመሪያም ነገሩን በቀላሉ አያየውም። ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ለ90 ተከታታይ ቀናት የቆየ ኦቨርድራፍት ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይመደባል። የተበዳሪዎች ታሪክ በብሔራዊ ባንኩ የብድር መረጃ ማዕከል ስለሚሰበሰብም፣ አንዱ ባንክ ዘንድ ያበላሻችሁትን ሌላው ባንክ ሻይ ሳያስቀርብላችሁ ያነበዋል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ወደ ፍራንኮ በሚወስደው መንገድ ላይ የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ልጅ ነበር። ትጉህ ነው፤ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ሱቁን ከፍቶ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ጣሪያው 300,000 ብር ነበር። «ጋሼ፣ ጠበበኝ፤ 600,000 ይደረግልኝ» አለኝ። መግለጫውን ሳየው ዕዳው ከላይ ተንጠልጥሎ አይወርድም። ማየቱንስ አየሁት። ነገር ግን ልጁን ወደድኩት፤ ሱቁ ሁልጊዜ ሰው የሞላበት ነው፤ «ገበያ አለው፣ ገንዘብ አጥሮት ነው» ብዬ ለብድር ኮሚቴው ደግፌ ጻፍኩ። ጸደቀ። ሰባት ወር ሳይሞላ ዕዳው 600,000 ደርሶ እዚያው ቆመ። ልጁም ተመልሶ መጣ፤ አሁን የሚፈልገው 900,000 ነው።

በመጀመሪያው ቀን ልጠይቀው የሚገባኝን ያን ጊዜ ጠየቅሁት። «የዱቤ ደብተርህን አምጣ» አልኩት። በማግስቱ ሽፋኑ በግሪስ የጠቆረ ባለ 50 ሉክ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ገለጥኩት። «ባለ ሰማያዊዋ ባጃጅ፣ ካንዴላ 2።» «የጋራዡ ልጅ፣ ክላች ሸራ።» «የእማማ ልጅ፣ ቀሪ።» ከግማሽ የሚበልጠው ስልክ ቁጥር የለውም፤ ቀን የሌለውም ሞልቷል። የሒሳብ ማሽኑን አስጠግቼ ገጽ በገጽ ደመርን፤ እሱ ያነባል፣ እኔ እመታለሁ። የወረቀቱ ጥቅልል ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉን ነካ። ድምሩ 412,000 ብር። ልጁ ወረቀቱን ከሥር ይዞ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበው። ለካ ደብተሩን በየቀኑ ይጽፍበታል እንጂ አንድ ቀንም ደምሮት አያውቅም።

ሒሳቡን እንዲህ አስረዳሁት፤ እናንተም እርሳስ አንሱ። በቀን በአማካይ የ10,000 ብር ዕቃ የምትገዛ ከሆነና ዕቃው መደርደሪያ ላይ 20 ቀን ቢቆይ፣ ደንበኛው ደግሞ በ10 ቀን ቢከፍል፣ ከኪስህ የወጣው ብር ተመልሶ እስኪገባ 30 ቀን ይፈጃል። 30 በ10,000 ሲባዛ 300,000 ነው። ያው ደንበኛ ክፍያውን ወደ 40 ቀን ቢያራዝምብህ ዑደቱ 60 ቀን ይሆንና የሚያስፈልግህ ገንዘብ 600,000 ይደርሳል። የሸጥከው ግን ያንኑ ያህል ነው! ልጁ አንድም ተጨማሪ ካንዴላ ሳይሸጥ ዕዳው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ልጁ በባንኩ ገንዘብ የከተማውን ጋራዦች ያለ ወለድ እንዲያበድር እኔ ፈርሜለት፣ ወለዱን የሚከፍለው እሱ ብቻ ነበር። 900,000 ቢሰጠው ኖሮ ደብተሩ ሌላ 300,000 ይውጥ ነበር።

ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ከ600,000ው ግማሹ በሁለት ዓመት በየወሩ የሚከፈል ብድር ተደረገ፤ ጣሪያው ወደ 300,000 ተመለሰ። ልጁ በእጁ የሰጠውን በእግሩ ሲፈልግ በአዳማ የቀትር ፀሐይ ከጋራዥ ጋራዥ ሲዞር አየው ነበር። አንዳንዴ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። አልፈረድኩበትም።

ስለዚህ ጭማሪ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፤ ዕቃው ስንት ቀን ይቀመጣል፣ ገዢው በስንት ቀን ይከፍላል፣ ዕቃ አቅራቢው ለክፍያ ስንት ቀን ይታገሳችኋል። የጎደለው ገንዘብ ከሽያጭ ማደግ የመጣ ከሆነ በሙሉ ልብ ጠይቁ። ጊዜውንም ምረጡ፤ የሽያጭ ወቅት አልፎ ዕዳው በወረደበት ሰሞን መግለጫው ራሱ ይናገርላችኋል። ከመቂ ሽንኩርት እያመጡ የሚያከፋፍሉ አንዲት እናት ነበሩ፤ የሚመጡት ሁልጊዜ ዕዳቸውን ዜሮ ባደረጉ በሳምንቱ ነው። ብዙም አይናገሩም፤ የያዙትን ወረቀት አስቀምጠው ይሄዳሉ። ጥያቄያቸው አንድም ጊዜ ውድቅ አልሆነም።

አሜሪካ ያለችው የእህቴ ልጅ የክሬዲት ካርዷን ጣሪያ ልታስጨምር ብላ ስትደውልልኝ፣ የዚያ አገር ሰዎች የተበዳሪን ታማኝነት በነጥብ እንደሚለኩት ተረዳሁ። በሰፊው በሚሠራበት የፋይኮ ነጥብ 35 በመቶው የአከፋፈል ታሪክ፣ 30 በመቶው የዕዳው መጠን ነው፤ በዚህኛው ውስጥ ከጣሪያው ምን ያህሉን እንደተጠቀመችበትም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሕግም ካርድ ሰጪው ጣሪያውን ከማሳደጉ በፊት የተበዳሪውን የመክፈል አቅም እንዲመረምር ያስገድደዋል። ማሽኑ ቢለያይም የሚጠይቀው የእኔ እርሳስ የሚጠይቀውን ነው። «ካርድሽ ስንት ወር ሙሉውን ተከፍሏል?» አልኳት። ዝም አለች። የስልኩ መስመር የተቆረጠ መስሎኝ ነበር።

የስልክ ብድር ግን ያሳስበኛል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር በ2014 «መላ»ና «እንደኪሴ» የተባሉትን የቴሌብር ብድሮች ሲጀምር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቤትና ካርታ የሌለው ወጣት ያለ መያዣ የሚበደርበት በር ተከፈተ። አሁን የማየው ግን ገንዘቡ ሳያስፈልገው፣ ጣሪያው እንዲያድግለት ብቻ ጠዋት ተበድሮ ማታ የሚመልስ ልጅ ነው። ለምሳሌ 1,000 ብር ለአንድ ወር ወስዳችሁ 60 ብር ብትከፍሉ ትንሽ ይመስላል፤ ዓመቱን ሙሉ ብትደጋግሙት ግን 72 በመቶ ነው። ለዕቃ መግዣ ከሆነና ትርፉ ከዚያ ከበለጠ ውሰዱ። ቁጥሩ ሲያድግ ለማየት ከሆነ ግን ለምን ትከፍላላችሁ?

ባንክም ንጹሕ ነው አልልም። መግለጫው የሚያምር ወጣት ቤት ስለሌለው ብቻ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ተናድጃለሁም። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽን፣ የመጋዘን ዕቃና የሚሰበሰብ ሒሳብ ጭምር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል፤ ስለዚህ «ቤት የለኝም» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ይህንን አንሱ። እምቢታውም ሁልጊዜ ከእናንተ የመጣ አይደለም። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ፣ ገደቡን በታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ ካደረገው በኋላም ጭምር፣ ብዙ ጥሩ ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ አድሯል። ምክንያቱን በትሕትና ጠይቁ፤ የሚነግራችሁ ባለሙያ አይጠፋም።

ያ መንገድ ይሻገርብኝ የነበረው ልጅ አሁን ሁለት ሱቅ አለው። ባለፈው ሳምንት ፖስታ ቤት አጠገብ አገኘኝና ከጎኔ ተቀመጠ፤ የማመልከቻ ረቂቅም ሰጠኝ። 850,000 ብር ይላል። ሳልጠይቀው ከሥሩ የዱቤ ደብተሩን ቅጂ አያይዞታል፤ ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ መጠን፣ በየገጹ ግርጌም ድምር። ሁለት የፊደል ግድፈት አርሜ መለስኩለት።