ፊለር ባንወጋም ጉዳቱን ማወቅ አለብን

«እኔ ፌሻል ብቻ ነው የምሠራው፣ ፊለር (ፊትን ለመሙላት ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚገባ ነገር) አልወጋም፤ ስለ ጉዳቱ መማር ምን ያደርግልኛል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። ከ4 ዓመት በፊት እኔም እንደዚሁ እል ነበር። እዚህ ቨርጂኒያ በእኛ በፌሻል ሠሪዎች ላይሰንስ መርፌ መውጋት አይቻልም። ግን ፊለር የተወጋችው ሴት ፊቷን ይዛ የምትመጣው እኛ ጋ ነው።

1. ደንበኛሽ ከመተኛቷ በፊት ጠይቂያት። ፊለር ተወግታለች? የት? መቼ? ምን ዓይነት? እኔ ፎርሜ ላይ ይህ ጥያቄ አልነበረም። አንዲት የአገሬ ልጅ ቅዳሜ መጣች። «አፍንጫዬ ዳር ብጉር ወጣብኝ፣ አጥሪልኝ» አለች። ጫፋቸው ነጣ ያለ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ጨመቅኋቸው። አሟት ከአልጋው ብድግ አለች። በረዶ ያዝኩላት። ልትከፍል ስትል ነው «ረቡዕ እኮ ፊለር ተወግቼ ነበር» ያለችኝ።

ብጉር አልነበረም። ፊለሩ የደም ሥር ዘግቶ ቆዳዋ ደም አጥቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን ከቀናት በኋላ ልክ ብጉር የሚመስል ነገር ይወጣል። በረዶው ደግሞ የደም ሥሩን ይበልጥ ያጠበዋል። ያ በረዶ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

2. ፊለሩን ወደ ወጋት ክሊኒክ ወዲያው ደውዪ። እኔም ደወልኩ። የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ «እብጠት ያለ ነው፣ ሰኞ ትምጣ» አለችኝ። ፌሻል እንደምሠራ ስነግራት «ታዲያ ሐኪም ነሽ?» ብላ ዘጋችብኝ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ነበረብኝ። እሑድ ጠቆረ። ሰኞ ፊለሩን የሚያሟሟውን ሃያሉሮኒዴዝ ወጓት፤ ግን ይሄ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው የሚያድነው። አፍንጫዋ ዳር ምስር የምታህል ጠባሳ ቀረች። በነገራችን ላይ መድኃኒቱ የሚያሟሟው የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለርን ብቻ ነው። ሬዲየስና ስካልፕትራ የሚባሉትን ሌሎች ፊለሮች አያሟሟም። ዓይነቱን ጠይቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

3. ቀለሙን እዪ። በትምህርቱ ላይ «ቆዳው ይነጣል» ይላሉ። የእኛ ቆዳ ላይ ንጣቱ ብዙም አይታይም። አመድማ ወይም ሐምራዊ ይሆናል፣ አንዳንዴም እንደ መረብ ይዥጎረጎራል። ተራ ብልዝ ከመሰለሽ በጣትሽ ተጭነሽ ልቀቂው። ደሙ በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ካልተመለሰ፣ ከሌላኛው ጎን ጋር አስተያዪው። ዓይኔ ደበዘዘ ካለችሽ ግን ክሊኒክ አትጠብቂ፣ 911 ደውዪ። ዓይን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

አምና ሌላ ደንበኛዬ የፀሐይ ክሬም ልትገዛ ገባች። ጠዋት ከንፈሯን ተወግታለች። የላይኛው ከንፈሯ አመድ መስሏል፣ ያማታል። ተጫንኩት፤ ደሙ አልተመለሰም። ሱቄን ዘግቼ በመኪናዬ ወደተወጋችበት ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ነርሷን «የደም ሥር ተዘግቷል ብዬ እጠረጥራለሁ» አልኳት። አይታ ወዲያው ሃያሉሮኒዴዝ ጀመረች። ዛሬ ከንፈሯ ላይ ምንም የለም። ያቺ ነርስ አሁን ደንበኞቿን ወደ እኔ ትልካለች።

ለማንኛውም፣ ፊለር ከተወጋች 2 ሳምንት ያልሞላትን ሴት ማሳጅም ሆነ ሙቀት ያለው ሕክምና አልሠራላትም፣ ብትቆጣኝም። «ያለ መርፌ ፊለር የሚሰጥ» ብለው ብዕር የሚመስለውን መሣሪያ ሊሸጡልሽ ከመጡም አትግዢ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2021 አስጠንቅቆበታል። የደንበኛ ፎርሜን ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለኝ።