ጓንት፣ ትንኝና የድሬ ሙቀት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ከሐረር የጻፉልን ነርስ፣ ደም ግፊት ለመለካት ሁሉ ጓንት ማድረግ ግድ ነው ወይ ይላሉ።

ቆዳው ካልቆሰለና ታካሚው በንክኪ የሚተላለፍ በሽታ ከሌለበት አያስፈልግም፤ እጅዎን ይታጠቡ።

አንድ የድሬዳዋ የነርሲንግ መምህር ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲያስተምሩ፣ ተማሪዎቹ «መድኃኒት በጠፋበት ይሄ ምን ይጠቅመናል?» እያሉ አስቸግረዋቸዋል።

ትምህርቱ ከሰሜን ዋልታ በረዶ ከጀመረ እውነታቸውን ነው። ከከተማችሁ ወንዝ ከደቻቱ ይጀምሩላቸው። በ1998 ክረምት ወንዙ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ የሚባል፣ በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የከተማውን ሰው አልጋ ላይ ጣለ። በ2014 ደግሞ ወባ በበጋ ተነሣ፤ አስተላላፊዋ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ በየቤታችን በርሜልና ሮቶ ውስጥ የምትራባ ትንኝ ናት። ሁሉንም ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ ነው አይበሏቸው፤ ውሸት ይሆናል። ግን ሙቀት ሲጨምር ትንኝ ቶሎ ያድጋል፣ ውኃ ሲጠፋ ሰው ያጠራቅማል። ስለዚህ ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው «ቤት ውኃ በምን ታጠራቅማላችሁ? ክዳን አለው?» ብሎ መጠየቅ ከምርመራው መቆጠር አለበት።

ከዚያ ተማሪዎቹን ይዘው ዋርድ ይግቡ። ፀሐይ ላይ ሲሸከም የዋለ ወዛደር ሰውነቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ግሎ፣ እየቀባዠረ ሲመጣ ፓራሲታሞል አይረዳውም። ልብሱን አውልቆ፣ ውኃ አርከፍክፎ ማራገብ ነው፤ ያውም ወዲያው። ይህን በእጁ ያልተለማመደ ተማሪ ድሬዳዋ ላይ መመረቅ የለበትም።

«እናቴ ለልባቸው የሚያሸና ኪኒን ይወስዳሉ፤ ሙቀቱ ከባሰ ወዲህ ብድግ ሲሉ ያዞራቸዋል። ላስቁማቸው?»

በራስዎ እንዳያስቆሙ! ኪኒኑም ላቡም ውኃ ያስወጣል፤ ሲደራረቡ ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ድንገት ማቆም ደግሞ ሳንባ ላይ ውኃ ሊያመጣ ይችላል። መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪም ነው፤ ዛሬውኑ ይውሰዷቸው። ሐኪሞቻችንም ይህን ኪኒን ስታዝዙ የግንቦትንና የሰኔን ሙቀት አስቡበት።

አንድ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ካርቶኑም፣ የግሉኮስ ቱቦውም፣ መርፌውም አብሮ ሲቃጠል ጭሱ አፍኗቸዋል።

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ቆሻሻ የሚለየው ከታካሚው አልጋ ሥር፣ በነርሷና በሐኪሙ እጅ ነው። መርፌ ወደ ሴፍቲ ቦክስ (የስለት መጣያ ሣጥን)፣ ካርቶን ለብቻ። ቱቦው ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይለቃል። የአካባቢ ጤና ባለሙያችሁን ያነጋግሩ።