የሳክስፎኑ ሆድ ላይ እኔ ራሴ እታያለሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የካሜራ አምድ አዘጋጅ። የምጽፍልህ ከድሬዳዋ ከዚራ ነው። አባቴ ድሮ ባንድ ውስጥ ቴነር ሳክስፎን ይጫወት ነበር፣ ትንፋሹ እምቢ ብሎት ካቆመ ቆየ፣ መሣሪያው ግን እስካሁን አልጋ ስር ቦርሳው ውስጥ አለ። በትልቁ አሳትሜ ሳሎን ልሰቅልለት ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ለፋሁ። በፍላሽ ሳነሳው መሀሉ ላይ ነጭ ነገር ፈንድቶ ይወጣል፣ ያለ ፍላሽ ደሞ እኔም ካሜራውም ከኋላዬ ያለው ቲቪም ሆዱ ላይ ቁጭ ብለን እንታያለን። ጓደኛዬ ፖላራይዘር ፊልተር ግዢ አለችኝ፣ ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ልግዛው? ደሞስ በሎሚና በአመድ ፈትጌ ላጽዳው ወይስ እንዳለ ይሁን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ብርሽን ላትርፍልሽ፣ ፊልተሩን ለዚህ ብለሽ አትግዢ። ፖላራይዘር ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠም፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን (ፖላራይዝድ የሚባለውን) የሚያግድ መስታወት ነው፣ ጉልበቱም ውሃ ላይ፣ መስታወት ላይ፣ ቫርኒሽ ላይ ነው። ቫርኒሽ የተቀባ ክራር ብታነሺ ከላዩ ወደ 35 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብለሽ እያየሽ ፊልተሩን ስታዞሪው ነጩ ነጸብራቅ ይጠፋና የእንጨቱ መልክ ብቅ ይላል፣ በጣም ደስ ይላል። ከብረት ላይ የሚመለስ ብርሃን ግን እንደዛ ፖላራይዝድ ሆኖ አይመጣም፣ ስለዚ ፊልተሩ የሚይዘው ነገር የለም፣ ፎቶሽን ያጨልመዋል በቃ። ሳክስፎኑ ላይ ላከር (ናሱን የሚሸፍነው ግልጽ ቅብ) አለ ብትዪኝ እንኳን ላከሩ ስስ ነው፣ የሚያበራው ከስሩ ያለው ናስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሳክስፎን መስታወት ነው፣ ያውም የተጠማዘዘ መስታወት። ጠፍጣፋ መስታወት ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ያሳያል፣ ሆዱ ያበጠ ነገር ግን ግድግዳውንም ጣሪያውንም ወለሉንም አንቺንም ጨፍልቆ አንድ ላይ ያሳይሻል። ስለዚ ካሜራሽ የሚያየው ቀለም በአብዛኛው የሳክስፎኑ ሳይሆን የሳሎናችሁ ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ሐረር ውስጥ ለአንድ ባንድ ትራምፔት ሳነሳ ቀይ ሸሚዝ ለብሼ ነበር፣ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የትራምፔቱ አፍ ዙሪያውን ቀላ ቀላ ብሏል፣ ዋይት ባላንስ (የካሜራው የቀለም ማስተካከያ) ነው ብዬ ግማሽ ሌሊት ስታገል አደርኩ፣ ለካ ሸሚዜ ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ሳነሳ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው የምለብሰው፣ መሣሪያውን ከመንካቴ በፊትም ካሜራው የሚቆምበት ቦታ አይኔን አድርጌ ዕቃው ላይ ምን ምን እንደሚታይ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፣ ቲቪ፣ በር፣ አምፖል፣ ካላንደር። የማልፈልገውን አነሳለሁ ወይ በጨርቅ እሸፍናለሁ።

ፍላሹ ለምን ነጭ ሆኖ እንደሚፈነዳም ከዚሁ ይገባሻል። የካሜራ ፍላሽ ትንሽ ነው፣ መስታወቱ ላይም ትንሽ ግን በጣም ብሩህ ነጥብ ሆኖ ነው የሚታየው። ትልቅ ብርሃን ስትሰጪው ደሞ ትልቅ፣ ለስላሳ፣ ረጅም መስመር ይሰጥሻል። ድሬ ላይ ትልቁ ብርሃን ደሞ በነጻ አለ፣ መስኮት። ከገበያ ሁለት ሦስት ሜትር ነጭ አቡጀዲ ግዢና መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ጋርጂው፣ አበባ ወይም ጥልፍ ያለው መጋረጃ አይሆንም፣ ጥልፉ ናሱ ላይ ይታያልና። ነጭ ነጠላም ይሠራል፣ ጥለቱ ግን ከፍሬሙ ውጪ ይሁን።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። የፈረንጅ መጽሐፍ ሁሉ "ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ምረጥ፣ ፀሐይ አይገባበትም" ይላል። ያ ለነሱ አገር ነው። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ከምናምን ላይ ነን፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በነዚህ ወራት ለድሬና ለሐረር ሰው የሚሻለው የደቡብ መስኮት ነው፣ በቀረው ጊዜ ደሞ የሰሜኑ። አንቺ ግን አቡጀዲ ስላለሽ ብዙም አትጨነቂ፣ ፀሐዩ ጨርቁ ላይ በቀጥታ ነጥብ ሆኖ እንዳይታይ ብቻ ተጠንቀቂ። እኔ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ያለውን እመርጣለሁ፣ ሙቀቱም ሳይከር፣ ላብሽም ናሱ ላይ ሳይንጠባጠብ።

አቀማመጡ እንዲህ ይሁን። ሳክስፎኑን አቁሚው፣ ማቆሚያው ካለው ጥሩ፣ ከሌለው በማይታይ ናይሎን ክር ከላይ ያዢው፣ ቁልፎቹ ላይ ግን በፍጹም አታስተኚው፣ ዘንጎቹ ይጎብጣሉ። ረጅሙ ቱቦ ከመስኮቱ ቋሚ ጠርዝ ጋር እኩል ይቁም፣ ያኔ ብርሃኑ ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ታችኛው ጥምዝ ድረስ ሳይቆራረጥ አንድ መስመር ሆኖ ይወርዳል፣ ትንሽ ዘንበል ስታደርጊው ግን መስመሩ ይሰበራል። በሌላኛው ጎን ነጭ ፍሊፕቻርት ወረቀት አቁሚ፣ የተሸሸገውን ጎን ያበራልሻል።

ከዛ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፣ ጥቁሩ። በነጭ ብቻ ከከበብሽው ሳክስፎኑ እንደ ቢጫ ፕላስቲክ ይሆናል፣ ክብነቱም ይጠፋል። ጥቁር ካርቶን ጣት በሚያህል ስፋት ቁረጪና ከቱቦው ጎን ከፍሬሙ ትንሽ ወጣ አድርገሽ አቁሚው፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣል፣ ያን ጊዜ ናሱ ክብደት ያገኛል። ካርቶኑን አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ስታንቀሳቅሺው መስመሩ ሲወፍርና ሲቀጥን ታዪዋለሽ፣ እኔ ከጠቅላላው ሥራ ረጅሙን ሰዓት የማጠፋው እዚህች ላይ ነው፣ አይቆጨኝም።

አንቺ ራስሽ እንዳትታዪ ራቂ። ሰፊ ሌንስ ይዘሽ ከተጠጋሽ አፉ ካለመጠኑ ያብጣል፣ አንቺም ትልቅ ሆነሽ ትገቢበታለሽ። ከ85 እስከ 100 ሚሊሜትር ያለው ሌንስ ካለሽ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ሂጂ፣ በስልክ ከሆነ ባለ 2 እጥፉን ሌንስ ተጠቀሚ። ለቀረው ደሞ ትልቅ ጥቁር ጨርቅ መሀሉን ለሌንሱ ያህል ቀደሽ ከጀርባው ቁሚ፣ የሌንሷ ትንሽ ክብ ብቻ ትቀራለች፣ እሷን ኤዲት ስታደርጊ ታጠፊያታለሽ።

ሴቲንጉ ብዙ አያስቸግርም። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) ከ8 እስከ 11፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ግማሽ ሰከንድም ቢደርስ ካሜራውን ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ካስቀመጥሽው ችግር የለውም፣ በ2 ሰከንድ ታይመር አንሺ። ብሩህ መስመሩ ተቃጥሎ ዝርዝሩ እንዳይጠፋ ትንሽ አጨልመሽ አንሺ፣ በኋላ ኤዲት ላይ ታደምቂዋለሽ፣ የተቃጠለ ግን አይመለስም። አምፖሉንም አጥፊ፣ የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ሲደባለቅ ናሱ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። ቬንትሌተሩንም አጥፊ አቦ፣ አውቃለሁ ይሞቃል፣ ግን አቡጀዲውን ሲያወዛውዘው ነጸብራቁ አብሮ ይወዛወዛል።

ጽዳቱን በተመለከተ፣ ሎሚና አመድ የሚባል ነገር እንዳታስጠጊው! ላከሩ ይፋቃል፣ አንዴ ከተፋቀ ቤት ውስጥ አይመለስም። በንጹህ የመነጽር ጨርቅ በቀስታ ጥረጊው፣ በቁልፎቹ መሀል ያለውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አንሺ፣ እጅሽ ላይ ደሞ ንጹህ የጥጥ ካልሲ አጥልቂ፣ የጣት አሻራ ለአይን ባይታይ እንኳን በትልቁ ሲታተም ያፈጣል።

ግን የአባትሽ አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ፣ እጁ ዓመት ሙሉ ያሻሸው ጎን ላይ ላከሩ ተልጦ ናሱ ጠቆር ብሎ ይሆናል፣ እሱን አትንኪው እባክሽ፣ ኤዲት ላይም አታጥፊው። ያ እኮ የሠራበት ነው። አገራችን ውስጥ ካሜራውም ማርሽ ባንዱም ብዙ ባለውለታ አለው፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያን አርመን ነበር፣ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናስ መሣሪያ የነፉት፣ እነሱም አርመኖች ነበሩ። የዚያን ጊዜ መሣሪያዎች ላይ ስንት ጣት እንዳለፈ አስቢ፣ እኔ የድሮ ፎቶ ሳይ ቶሎ ዓይኔ የሚሄደው የተበላው ቦታ ላይ ነው።

ሙሉውን ካነሳሽ በኋላ አንድ ቅርብ ፎቶ ጨምሪልኝ። ጣት የሚያርፍባቸው ክብ ክብ ቁልፎች ላይ ያለው ነጩ ነገር እውነተኛ ዛጎል ከሆነ እያዘነበልሽ ስታዪው ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ይላል፣ ብርሃኑ በስስ ስስ ድርብርቡ መሀል ሲመላለስ ነው ቀለሙ የሚመጣው። ለሱ ትልቁን መስኮት አትጠቀሚ፣ መጋረጃውን ዝጊና የስልክ መብራት ከአንድ ጎን ዝቅ አድርገሽ ያዢ፣ ቀለሙ የሚወጣበትን አንግል እስክታገኚ ቀስ እያልሽ አንቀሳቅሺው። ከቻልሽ አባትሽን ጥሪውና ጣቱን እዛው ቁልፍ ላይ ያሳርፍ፣ ያለ ካልሲ፣ በባዶ እጁ።