የጊታር ጎን ሲታጠፍ ለምን ይሰበራል?

ጥያቄ፦ ለጊታር ጎን የዋንዛ ጣውላ 4 ሚሊሜትር አድርጌ ልጌ፣ አንድ ሰዓት ቀቅዬ ላጥፈው ስል ወገቡ ላይ በውጭ በኩል ቀጭ አለ። ረዘም አድርጌ ልቀቅለው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መቀቀሉ ይቅርብዎት። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጣውላው ከበርሜል ወጥቶ እስኪታጠፍ ደግሞ በዚያ ብርድ ይቀዘቅዛል። የሚሻለው የጋለ ቱቦ ነው። ዲያሜትሩ 5 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የብረት ቱቦ ሞርሳ ላይ አጥብቀው ይያዙና ከውስጥ በቡታጋዝ ያግሉት። ዚንክ የተለበጠ የውሃ ቱቦ ግን አይሁን፤ ሲግል ጭሱ ይጎዳል። ጠብታ ውሃ ሲነካው ቸስ ብሎ ከተነነ ደርሷል፤ እንጨቱን ካጠቆረ በዝቷል።

ዋናው ጥፋት ግን ውፍረቱ ነው። ሲታጠፍ የውስጡ ፊት ይጨመቃል፣ የውጩ ይለጠጣል፤ የጋለ እንጨት መጨመቅን እንጂ መለጠጥን ብዙም አይችልም። ስለዚህ 2 ሚሊሜትር፣ ቢበዛ 2.3 ያድርሱት፤ ከዳር እስከ ዳርም እኩል ይሁን፣ የሳሳው ቦታ ቀድሞ ይሰበራልና። ቃጫው በጣውላው ርዝመት ቀጥ ብሎ ካልሄደና ወደ ፊቱ ሾልኮ ከወጣ ያንን ጣውላ ለሌላ ሥራ ያውሉት።

ሁለቱንም ፊት በውሃ ረጨት ያድርጉ፤ ካሰመጡት ይጨማደዳል። በውጭ በኩል በጣውላው ስፋት የተቆረጠ ስስ ላሜራ ደግፈው ከወገቡ ይጀምሩ። ቱቦው ላይ ወዲህ ወዲያ እያሉ በቀስታ ይጫኑት፤ ሲሞቅ እጅዎ ሥር ለቀቅ ሲል ይታወቅዎታል። ከዚያ በፊት ጉልበት አይጨምሩ። ተመልሶ ትንሽ ስለሚከፈት ከሥዕሉ ጥቂት አሳልፈው ያጥፉትና በጊታሩ ቅርጽ በተሠራ ፎርማ ውስጥ አስረው ያሳድሩት። (መሰንቆ ቢሆን ኖሮ አራት ጣውላ በማዕዘን መግጠም ነበር፤ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም።)

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን በክረምት የተሠራ ጊታር ሸዋ ሮቢት ከወረደ በኋላ ጎኑ በቁመቱ ተሰነጠቀ። ኮላ ይበቃዋል? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ለብቻው አይበቃም። በእርጥብ አየር የተገጠመ ጣውላ ቆላ ሲወርድ ደርቆ በወርዱ ይጠባል፤ ዳርና ዳሩ ተጣብቆ ስለተያዘ መሐሉ ይቀደዳል። መጀመሪያ ተጨምቆ የማያንጠባጥብ እርጥብ ስፖንጅ ክዳኑ በተበሳሳ ዕቃ አድርገው ከጊታሩ ጋር ሣጥኑ ውስጥ ጥቂት ቀን ይተዉት። ስንጥቁ ሲገጥም ኮላውን በጣት እያሹ ያስገቡ፣ ቆንጥጠው ያሳድሩ። ከዚያ 15 ሚሊሜትር ወርድ ያለው አቡጀዲ ኮላ አጠጥተው ከውስጥ ስንጥቁን በሚያቋርጥ አቅጣጫ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይለጥፉ። መሐል ላይ የሚቆም ልጣፍ ጫፉ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይጀምራል።

አዲስ ሲሠራ ደግሞ አቡጀዲው ከጠርዙ ዘንግ ሥር ይግባ። ይህ ዘንግ ክዳኑና ጀርባው የሚጣበቁበት፣ 6 ሚሊሜትር ውፍረትና 15 ሚሊሜትር ወርድ ያለው ቀጭን እንጨት ነው። በየ6 ሚሊሜትሩ በመጋዝ ይቆረጣል፣ 1 ሚሊሜትር ያህል ሳይቆረጥ ይቀራል፤ ያኔ ያለ እሳት ይታጠፋል። ኮላው እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል፤ መቆንጠጫው ከላላ አፉ ላይ ላስቲክ ይጠመጠምበታል።