ማዕዘኑ ላይ የሚያብጠው ጠርዝ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሜ ለልጄ ብርድ ልብስ ሰፋሁ። ወርዱ 150፣ ቁመቱ 200 ሴንቲ ሜትር ነው። መሃሉ አምሮልኛል። ጠርዙን በጥብጣብ ስቀመቅመው ግን ማዕዘኖቹ አበጡ፤ አንዱ ጎንም ተኮማተረ። ሁለቴ ተርትሬዋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቴ መተርተርሽ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «ማን ያየዋል» ብሎ ይተወዋል። ብርድ ልብስ ግን ቀድሞ የሚያልቀው በጠርዙ ነው። እጅ የሚጎትተው፣ ልጅ የሚያኝከው እሱን ነው። ስለዚህ ድርብ ጥብጣብ እንሥራለት።

6.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት እያደረግሽ ቁረጪ። ጎኖችሽ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ጨርቁን በሰያፍ መቅደድ አያስፈልግሽም፤ እሱ ለክብ ጠርዝ ነው። ዙሪያው 700 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 40 ጨምሪበት። የጨርቁ ወርድ 110 ከሆነ 7 ቁራጭ የሚበቃ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ መጋጠሚያ 6.5 ያህል ስለሚበላ ትንሽ ያጥርሻል። 8 ቁረጪ።

ስትቀጥያቸው ጫፎቹን በመስቀል አነባብረሽ በሰያፍ ስፊ። ቀጥ አድርገሽ ከሰፋሽው ድርብርቡ ሁሉ አንድ ቦታ ይከመርና በጣት ሲዳሰስ እንደ ጠጠር ይቆረቁራል። ትርፉን ቁረጪ፣ ስፌቱን ከፍተሽ ተኩሺው። ከዚያ ጥብጣቡን ከዳር እስከ ዳር በቁመቱ ለሁለት አጥፈሽ ተኩሺ። ካውያውን አትሰልቺው፤ ግማሹ ሥራ የሱ ነው።

ደማቅ ቀለም ከመረጥሽ ቀድመሽ እጠቢው። እኔ አንዴ ሳላጥብ ቀይ ጥብጣብ ነጭ ላይ ሰፍቼ፣ በመጀመሪያው እጥበት ዳር ዳሩን ሮዝ አደረገብኝ። አልቅሻለሁ።

አሁን ወደ ማዕዘኑ። ከጎኑ መሃል ጀምሪ፤ የጥብጣቡን የመጀመሪያ 25 ሴንቲ ሜትር ሳትሰፊ ተዪው። በፊት ለፊቱ በኩል ክፍት ጠርዙን ከብርድ ልብሱ ጠርዝ ጋር አስተካክለሽ፣ 8 ሚሊ ሜትር ገባ ብለሽ ስፊ። አትሳቢው! የተኮማተረብሽ በመሳብ ይመስለኛል። ማዕዘኑ ልክ 8 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቁሚና ክሩን ቁረጪ። ያበጠብሽም ስፌቱን እስከ ጫፍ ስለነዳሽው ሳይሆን አይቀርም። ብርድ ልብሱን ወደሚቀጥለው ጎን አዙሪው። ጥብጣቡን መጀመሪያ ካንቺ አርቀሽ ወደ ላይ እጠፊው፤ ሰያፍ እጥፋት ይሠራል። እሱን በጣትሽ ይዘሽ መልሰሽ ወደ ታች አውርጂው። የላይኛው እጥፋት ከተሰፋው ጎን ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን። ከዚያ ከላይ ጫፍ ጀምረሽ ስፊ። እጥፋቱ ውስጥ ጆሮ የመሰለች ነገር ትቀራለች። እንዳትቆርጫት፤ ስትገለብጪው ሹሉን ማዕዘን የምትሠራው እሷ ናት።

መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጫፎች 6.5 ሴንቲ ሜትር እንዲነባበሩ አድርገሽ ትርፉን ቁረጪ፣ እንደ ሌሎቹ በሰያፍ ግጠሚያቸው።

ጀርባውን በማሽን መጨረስ ይቻላል። እኔ ግን በእጅ ጨርሺው እላለሁ። ጥብጣቡን ወደ ጀርባ ገልብጪው፤ የማሽኑን ስፌት ይሸፍን። መርፌው ከጀርባው ጨርቅ ቆንጠር አድርጎ፣ በጥብጣቡ እጥፋት ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሄዶ ይውጣ። ክሩ የጥብጣቡን ቀለም ከመሰለ ስፌቱ አይታይም። ማዕዘን ላይ የፊቱ እጥፋት ወደ ቀኝ ከተኛ የጀርባውን ወደ ግራ አስተኚው፤ ውፍረቱ ይከፋፈላል። ሁለት ሦስት ስፌት ጣል አድርጊበት። በአንድ ምሽት አንድ ጎን ብቻ ያዢ፣ ዓይንሽም ጣትሽም እንዳይደክም።